ስማቸው ከሸክላው ጀርባ የቀረ ድምፆች

በመጋቢት ወር 1914 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ቶኪዮ በሚገኘው ንጉሠ ነገሥታዊ ቴአትር ቤት የቶልስቶይ «ትንሣኤ» በጃፓንኛ ለመድረክ በቃ። ተውኔቱን ያዘጋጀው ሺማሙራ ሆጌትሱ የተባለው የሥነ ጽሑፍ ምሁርና ሃያሲ ሲሆን፣ ካቱሻን ሆና የተጫወተችው ማትሱይ ሱማኮ ነበረች። በተውኔቱ ውስጥ ሱማኮ የምታዜማት አንዲት አጭር እንጉርጉሮ አለች። የዜማዋ ደራሲ ናካያማ ሺምፔይ በሺማሙራ ቤት ተጠግቶ የተማረ፣ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሕፃናትን የሚያስተምር ወጣት ነበር። ተመልካቹ ከቴአትር ቤት ሲወጣ ከቶልስቶይ ፍልስፍና ይልቅ ይህችን ዜማ ይዞ ወጣ። ዜማዋ በሸክላ ታተመች፤ ቡድኑ ተውኔቱን ይዞ በየአውራጃው ሲዞርም አብራ ዞረች። ሺማሙራ በኅዳር 1918 ዓ.ም. ዓለምን ባዳረሰው የኅዳር በሽታ ሞተ። ሱማኮም ሁለት ወር ቆይታ፣ በጥር 5 ቀን 1919 ዓ.ም. ሕይወቷን በገዛ እጇ አጠፋች። ቡድኑ ፈረሰ፤ ዜማዋ ግን በሕዝብ አፍ ቀረች።

የመለያ ዜማ ጠባይ ገና ከልደቱ የታወቀው በዚህ ነው። መለያ ዜማ የሌላ ሥራ አገልጋይ ሆኖ ይወለዳል። ተውኔቱን፣ ፊልሙን ወይም የራዲዮውን ድርሰት አስተዋውቆ ገለል እንዲል ይላካል። ይሁን እንጂ ብዙውን ጊዜ የአገልጋዩ ዕድሜ ከጌታው ይበልጣል። ጃፓን በሃያኛው ምዕተ ዓመት ይህን የጥበብ ዘርፍ ከማንም ሀገር ይበልጥ አስፋፍታዋለች፤ ታሪኩን ለሚመረምር ሰው ግን አንድ ጥያቄ ከኋላው አይለየውም። ዜማውን ተሸክሞ ለሕዝብ ያደረሰው ድምፅ የማን ነው? ሕፃኑ የእኔ ነው ይላል፤ የሸክላው ነጋዴ የእኔ ነው ይላል፤ በሥዕል የተፈጠረው ጀግና እንኳ የራሱ ድምፅ ያስመስለዋል። ድምፁን ያወጣው ሰው የእኔ ነው ለማለት የበቃው እጅግ ዘግይቶ ነው።

ናካያማ ለካቱሻ ዜማ የተጠቀመበትን ስልት ጃፓኖች «ዮና ኑኪ» ይሉታል። ከምዕራባውያን ሰባት ድምፆች አራተኛውንና ሰባተኛውን አስወጥቶ በቀሩት አምስቱ ማዜም ማለት ነው፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። የእኛ ክራር ደርዳሪ ይህን ቢሰማ ባዕድ አይሆንበትም፤ የትዝታ ቅኝት የቆመባቸው ድምፆች እነዚሁ ናቸውና። ሁለቱ ሕዝቦች ከሁለት አቅጣጫ መጥተው አንድ ደጃፍ ላይ ተገናኙ እንጂ አንዱ ከሌላው አልተበደረም። ጃፓን የአውሮፓን ሙዚቃ በትምህርት ቤቶቿ ካስገባች በኋላ አዲሱን መሣሪያ ከአሮጌው ጆሮ ጋር ያስታረቀችው በዚህ መንገድ ነበር። ግማሽ ምዕተ ዓመት ዘግይቶ ለቴሌቪዥን ጀግኖች ዜማ የጻፈው ዋታናቤ ቹሜይ ሳይቀር፣ ኤሌክትሪክ ጊታርና ጥሩምባ አሰልፎ ዜማውን በአምስት ድምፅ ላይ ማቆም ይወድ ነበር።

ከመድረክ ወደ ሲኒማ የተደረገው ሽግግር ፈጣን ነው። በ1929 ዓ.ም. ሚዞጉቺ ኬንጂ «የቶኪዮ ማርሽ» የተባለውን ፊልም ሲሠራ ፊልሙ ድምፅ አልነበረውም፤ መለያ ዜማው ግን በሸክላ ታትሞ ገነነ። ድምፅ የሌለው ፊልም የራሱ ዘፈን ኖረው ማለት ነው! ዜማው የዚያው የናካያማ፣ ግጥሙ የሳይጆ ያሶ፣ ድምፁም የሳቶ ቺያኮ ነበር።

ሳይጆ ያሶ ቀደም ብሎ ስሙን ያተረፈው በሕፃናት ግጥም ነው። በ1918 ዓ.ም. ሱዙኪ ሚዬኪቺ የተባለ ደራሲ «አካይ ቶሪ» (ቀይ ወፍ ማለት ነው) የተሰኘ የሕፃናት መጽሔት አቋቁሞ ነበር። ለትምህርት ቤት በመንግሥት የሚዘጋጁትን ደረቅ የምክር መዝሙሮች የነቀፈው ሱዙኪ፣ እውነተኛ ባለቅኔዎች ለሕፃናት እንዲጽፉ ጥሪ አደረገ። ኪታሃራ ሃኩሹንና ሳይጆ ያሶን የመሰሉ ስመ ጥር ባለቅኔዎች ጥሪውን ተቀበሉ። ለልጅ መጻፍ ለባለቅኔ ከማዕርግ መውረድ አለመሆኑ በጃፓን የተረጋገጠው ያን ጊዜ ነው። ይህ መታወስ ይኖርበታል፤ ኋላ በቴሌቪዥን ለሕፃናት የተጻፉት ግጥሞች ከተራ የማስታወቂያ ጩኸት ከፍ ብለው የተገኙበት ምክንያት እዚህ ነውና።

በመካከሉ ጦርነት መጣ። የዜማ ደራሲው ኮሴኪ ዩጂ በ1937 ዓ.ም. የጻፈው የዘመቻ መዝሙር ወታደሩ ወደ ቻይና ግንባር ሲሸኝ የሚዘመር ሆነ። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በሐምሌ 1947 ዓ.ም.፣ የጃፓን ብሔራዊ ራዲዮ «ደወል የሚደወልበት ኮረብታ» የተባለ ተከታታይ ድርሰት ማሰማት ጀመረ። ድርሰቱ ጸሐፌ ተውኔቱ ኪኩታ ካዙዎ በጦርነቱ ወላጆቻቸውን አጥተው በየባቡር ጣቢያው ስለተበተኑ ልጆች የጻፈው ሲሆን፣ መለያ ዜማውን የደረሰው ኮሴኪ ነበር። ልጆቹን ያለ አባት ያስቀረውን ጦርነት በዜማ ያጀበ እጅ ለእነዚያው ልጆች የማጽናኛ ዜማ ጻፈ። በ1964 ዓ.ም. በቶኪዮ ኦሎምፒክ መክፈቻ ላይ የየሀገሩ ስፖርተኞች፣ የኢትዮጵያም ጭምር፣ ወደ ስታዲየም የገቡበትን ማርሽ የደረሰውም ይኸው ሰው ነው። የአንድን ሕዝብ ሦስት ዘመን በአንድ ሰው ብዕር ማየት ይቻላል።

የጃፓን ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በየካቲት 1953 ዓ.ም. ነው። ለሥዕል ፊልም ዜማ ግን ወሳኙ ቀን ጥር 1 ቀን 1963 ዓ.ም. ነበር። በዚያ ቀን ቴዙካ ኦሳሙ «ቴትሱዋን አቶም» የተባለውን፣ ልብ ያለው የሮቦት ልጅ ታሪክ በፉጂ ቴሌቪዥን አቀረበ። በመጀመሪያዎቹ ወራት መግቢያው የታካይ ታትሱዎ ሙዚቃ ብቻ ነበር፤ ቃል አልነበረውም። ቆየት ብሎ ግጥም አስፈለገና ሥራው ለታኒካዋ ሹንታሮ ተሰጠ። ታኒካዋ በ1952 ዓ.ም. የመጀመሪያ መድበሉን አሳትሞ በዘመናዊው የጃፓን ግጥም አዲስ ድምፅ የሆነ ወጣት ባለቅኔ ነበር። አልቆ ለተቀመጠ ዜማ ግጥም መግጠም ልብሱ ከተሰፋ በኋላ ሰውየውን እንደ መፈለግ ነው፤ ታኒካዋ ግን ሰውየውን አገኘው። በ2024 ዓ.ም. በ92 ዓመቱ ሲያርፍ ከብዙ መድበሎቹ ጋር ይህ የሕፃናት መዝሙርም አብሮ ተነሣ። የዘመሩት የካሚታካዳ ወንዶች ልጆች መዘምራን ነበሩ፤ የእያንዳንዱን ልጅ ስም ግን የሚያውቅ የለም።

በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ የቀረበው «ቴትሱጂን ቁጥር 28» ሌላውን ገጽ አሳየ። የፕሮግራሙን ወጪ የሸፈነው ግሊኮ የተባለው የከረሜላ ኩባንያ ነበርና የመለያ ዜማው ማሳረጊያ ላይ የኩባንያው ስም ተደጋግሞ ይዘመር ነበር። የዜማውም ደራሲ ሚኪ ቶሪሮ በማስታወቂያ ዘፈን የተካነ ሰው ነው። ባለቅኔው በአንድ በር፣ ነጋዴው በሌላው በር ወደ አንድ ቤት ገቡ፤ ከዚያ ወዲህም ከዚያ ቤት የወጣ የለም። ዜማዎቹ ከሥዕል መጽሐፍ ጋር ተያይዘው በስስ ፕላስቲክ ላይ እየታተሙ በርካሽ ዋጋ ይሸጡ ነበር። ሸክላ መግዛት ለማይችል የሠራተኛ ልጅ እነዚህ ስስ ፕላስቲኮች የመጀመሪያው የራሱ ሙዚቃ ሆኑ።

ዘፋኞቹ እነማን ነበሩ? በዚያን ዘመን የአዋቂ ዘፋኝ የሕፃናትን የቴሌቪዥን ዜማ መዝፈን እንደ ውድቀት ይቆጠር ነበር። ስለዚህም ወደዚህ ሥራ የመጡት አብዛኞቹ በሌላው በር ገብተው ያልተሳካላቸው ናቸው። ሳሳኪ ኢሳዎ በ1960 ዓ.ም. «የጃፓን ፕሬስሊ» ተብሎ በሮክ ዘፈን ተነሣ፤ ዝናው ግን ቶሎ ከሰመ። ተዋናይ ሆኖ ቆይቶ በ1973 ዓ.ም. «ካሻን» በተባለው የሥዕል ፊልም እንደገና ወደ ዘፈን ተመለሰ። ሚዙኪ ኢቺሮም በ1968 ዓ.ም. በፍቅር ዘፈን ቢጀምር ሸክላው አልሸጥ አለ። በ1971 ዓ.ም. የሕፃናት ፕሮግራም ዜማ ሲቀርብለት ተቀበለ፤ በሚቀጥለው ዓመት መጨረሻ የዘፈነው የ«ማዚንገር ዜድ» መለያ ዜማም የሕይወቱ ሥራ የትኛው እንደሆነ ወሰነለት። ሆሪዬ ሚትሱኮ በ1969 ዓ.ም. ስትጀምር የ12 ዓመት ልጅ ነበረች። በሸክላው ሽፋን ላይ የሚታየው ግን የሮቦቱ ወይም የጀግናው ሥዕል ነው፤ የዘፋኙ ስም በጥግ በትንሽ ፊደል ይጻፋል፤ ፊቱ አይታይም። በየሳምንቱ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ድምፁን እየሰሙ፣ ዘፋኙ በመንገድ ሲያልፍ ዞር ብሎ የሚያየው ሰው አልነበረም።

ይሁንና በዚህ ጨለማ ውስጥ የተሠራው ሥራ ከፍተኛ ነው። በ1974 ዓ.ም. የመጸው ወራት፣ እሑድ ማታ በአንድ ሰዓት ተኩል፣ በሁለት ጣቢያዎች ሁለት የማይመሳሰሉ ዜማዎች ይሰሙ ነበር። አንደኛው የ«ሃይዲ»፣ የአልፕስ ተራራ ልጅ ዜማ ነው። ግጥሙን የጻፈችው ኪሺዳ ኤሪኮ ራሷም ባለቅኔ፣ በወጣትነቷም ለአጭር ጊዜ የታኒካዋ ሹንታሮ ባለቤት የነበረች ናት። ሁለት ባለቅኔዎች ከአንድ ጎጆ ተለያይተው ሲያበቁ፣ እሱ ለሮቦቱ እሷ ለተራራዋ ልጅ የጻፉት የአንድ ትውልድ ሕፃናት የጋራ ሀብት ሆነ። ዋታናቤ ታኬዎ የደረሰው ዜማ ግጥሙን አይጫንም፤ ሰፊ ቦታ ይተውለታል፣ ነፋስ ያለበት ዜማ ነው።

ሁለተኛው «የጠፈር ጦር መርከብ ያማቶ» ነበር። ያማቶ በሚያዝያ 7 ቀን 1945 ዓ.ም. በአሜሪካ አውሮፕላኖች ተደብድባ ከሁለት ሺህ ሰባት መቶ በላይ መርከበኞችን ይዛ የሰጠመች እውነተኛ የጦር መርከብ ናት። የሥዕል ፊልሙ ይህችን መርከብ ከባሕር ወለል አንሥቶ፣ ምድርን ለማዳን ወደ ሩቅ ጠፈር የምትጓዝ አደረጋት። ሚያጋዋ ሂሮሺ የደረሰው ዜማ በጥሩምባ የሚከፈት ማርሽ ነው፤ ግጥሙን የጻፈው አኩ ዩ፣ የዘፈነውም ሳሳኪ ኢሳዎ ናቸው። የሳሳኪ ድምፅ ወፍራምና የማይቸኩል ነው። አሮጌው የዘመቻ መዝሙር በአዲስ ልብስ ተመለሰ ብለው የሠጉ ነበሩ፤ ሥጋታቸውም መሠረት የለውም አይባልም። ማርሽ ማርሽ ነው፤ እግርን ያንቀሳቅሳል፤ ወዴት እንደሚሄድ እግርን አይጠይቅም። በሌላ በኩል ግን በዚያ ዜማ የሚጓዙት ሰዎች ለመግደል ሳይሆን የተመረዘች ምድርን የሚፈውስ መሣሪያ ለማምጣት የሚሄዱ ናቸው፤ የሳሳኪም አዘፋፈን ከድል ይልቅ መሰነባበት የሚያመዝንበት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ ተመልካች አጥቶ በ26 ክፍል ተቋረጠ። እንደገና በመታየቱና በ1977 ዓ.ም. ፊልም ሆኖ በመውጣቱ ግን ወጣቶች ወረፋ ይዘው የሚያዩት ሆነ፤ የሥዕል ፊልም ዜማ ከሕፃናት እጅ ወጥቶ ወደ ተማሪዎች እጅ የገባው ከዚህ በኋላ ነው።

የድምፁ ባለቤት ማነው የሚለው ጥያቄ በግልጽ የታየው ግን በሺሞን ማሳቶ ታሪክ ነው። በ1971 ዓ.ም. «ካሜን ራይደር» የተባለው የጭምብል ጀግና ፕሮግራም ሲጀምር መለያ ዜማውን የዘፈነው ዋናው ተዋናይ ፉጂዮካ ሂሮሺ ነበር። ተዋናዩ በቀረጻ ላይ ከሞተር ብስክሌት ወድቆ እግሩ በመሰበሩ ከፕሮግራሙ ሲለይ፣ ዜማው በሺሞን ድምፅ እንደገና ተቀረጸ። በሸክላው ላይ የሰፈረው ግን ፉጂ ኮይቺ የሚል ሌላ የመድረክ ስም ነው። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ የ«ጋቻማን»ን መለያ ዜማ ዘፈነ። ጉሮሮን የሚቧጥጥ፣ ከሆድ የሚወጣ፣ በአንድ ጊዜ የሚስቅና የሚያለቅስ ድምፅ ነበረው።

በታኅሣሥ 25 ቀን 1975 ዓ.ም. ከአንድ የቴሌቪዥን የሕፃናት ፕሮግራም የተወሰደ አንድ ዜማ በሺሞን ድምፅ በሸክላ ወጣ። ታሪኩ «ታይያኪ» ስለሚባለው፣ በጃፓን መንገድ ዳር በብረት ቅርጽ እየተጋገረ ስለሚሸጠው፣ ቀይ ባቄላ በስኳር ተሞልቶበት ዓሣ ስለሚመስል ኬክ ነው። ኬኩ በየቀኑ በብረት ላይ መጋገር ይሰለቸውና ከባለሱቁ ጋር ተጣልቶ ወደ ባሕር ያመልጣል። ባሕሩ ደስ ይላል፤ ሻርክም ያሳድዳል፤ ይርባልም። በመጨረሻ በአጥማጅ መንጠቆ ይያዝና ይበላል። ለአራት ዓመት ልጅ ይህ ተረት ነው። በየማለዳው በታጨቀ ባቡር ተጉዞ በዚያው ወንበር ላይ ለሚቀመጠው የቶኪዮ ሠራተኛ ግን ተረት አልነበረም። ጃፓን ከ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ በኋላ ፈጣኑ ዕድገቷ ተገትቶ፣ ሠራተኛው የላቡን ዋጋ የሚጠይቅበት ጊዜ ነበር። ሸክላው ከአራት ሚሊዮን ተኩል በላይ ተሸጠ። የሀገሪቱ ሕዝብ ያን ጊዜ 112 ሚሊዮን ገደማ ነበርና ለሃያ አምስት ሰው አንድ ሸክላ ደረሰ ማለት ነው። በጃፓን ታሪክ ይህን ያህል የተሸጠ ነጠላ ሸክላ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ ወዲህ የለም።

ሺሞን ለዚህ ሥራ የተከፈለው 50,000 የን ነበር። በጊዜው ምንዛሪ 165 ዶላር ያህል፣ በኢትዮጵያ ገንዘብ 340 ብር ገደማ መሆኑ ነው። ውሉ የአንድ ጊዜ ክፍያ ውል ነበር። ዘፋኙ ገብቶ ይዘፍናል፣ ገንዘቡን ተቀብሎ ይወጣል፤ አንድ ሸክላ ይሸጥ አራት ሚሊዮን ይሸጥ እሱን አይመለከትም። የሕጉ አሠራር ሲታይ ነገሩ ይበልጥ ይገባል። የግጥምና የዜማ ደራሲያን በ1939 ዓ.ም. የተመሠረተው የደራሲያን መብት ማኅበር አላቸው፤ ሥራቸው በተሰማ ቁጥር ማኅበሩ ይሰበስብላቸዋል። ዘፋኙ ከሸክላ ሽያጭ የሚያገኘው ድርሻ ግን በውሉ የተጻፈውን ያህል ብቻ ነው፤ በውሉ ካልተጻፈ ምንም የለም። የሸክላ ኩባንያው ኋላ ጉርሻ ጨመረለት፤ ጉርሻ ግን መብት አይደለም። ከብረቱ ሊያመልጥ ሲል ስለተበላው ኬክ የዘፈነ ሰው፣ ዕጣው የዜማው ሆኖ መገኘቱ በተውኔት ቢጻፍ ተመልካቹ ተጋንኗል ይል ነበር። ሺሞን በ1993 ዓ.ም. ዘፈን አቆመ፤ ከዚያ ወዲህ ወደ መድረክ አልተመለሰም።

ዜማዎቹ ባሕር ሲሻገሩ ደግሞ የመጀመሪያው ድምፅ ብዙ ጊዜ ወደብ ላይ ይቀር ነበር። ሳሳኪ ኢሳዎ በ1975 ዓ.ም. የዘፈነለት «ግሬንዳይዘር» በ1978 ዓ.ም. ፈረንሳይን አጥለቀለቀ። በእርስ በርስ ጦርነት በምትታመሰው ሊባኖስም በዓረብኛ ተተርጉሞ ከሜዲትራኒያን እስከ ባሕረ ሰላጤው ተሠራጨ። የዓረብኛውን የዘፈነው ሊባኖሳዊው ሳሚ ክላርክ ነው፤ በ2022 ዓ.ም. ሲሞት በብዙ ዓረብ ሀገሮች ያደጉ ሰዎች የልጅነታቸው ድምፅ እንደጠፋ ቆጥረው አለቀሱለት። የሳሳኪን ስም ከእነሱ መካከል የሚያውቀው ጥቂት ነው። ይህ ግን በደል ብቻ ነው ለማለት ያስቸግራል፤ ዜማ በሌላ ሕዝብ አፍ ካልገባ የዚያ ሕዝብ አይሆንም።

ከ1980ዎቹ ወዲህ ነጋዴው ሌላ ብልሃት አገኘ። ለሥዕል ፊልሙ ዜማ ከማስደረስ ይልቅ ታዋቂ ዘፋኝ ሊሸጥ ያዘጋጀውን ዘፈን በፊልሙ መግቢያ ላይ ማሰማት ተለመደ፤ ፊልሙ ለሸክላው፣ ሸክላውም ለፊልሙ ማስታወቂያ ሆነ። አንሪ የተባለችው ዘፋኝ በ1983 ዓ.ም. ለ«ካትስ አይ» የዘፈነችው በሽያጭ አንደኛ መውጣቱ በሩን ከፈተ። የሙዚቃው ጥራት ጨመረ፣ ዘፋኙም በስሙ ተጠራ፤ ይህ መልካም ነው። የጠፋው ግን ቀላል አይደለም። የቀድሞው መለያ ዜማ በመድረክ መግቢያ ላይ ቆሞ ባለታሪኩ ማን እንደሆነ፣ ለምን እንደሚታገል የሚናገር ነበር። አዲሶቹ ብዙዎቹ ከየትኛውም ፊልም ፊት ቢቀመጡ የሚያስኬዱ ሆኑ። ለዚህ ነው በ1990 ዓ.ም. ሳኩራ ሞሞኮ ለራሷ የሥዕል ታሪክ፣ ለ«ቺቢ ማሩኮ»፣ በራሷ እጅ የጻፈችው የቀልድ ዘፈን ሀገሩን ያስጨፈረው፤ በዚያው ዓመት የጃፓን የሸክላ ሽልማትንም ወሰደ። ሕዝቡ ከታሪኩ ጋር የተወለደ ዜማ ናፍቆት ነበር።

የቪዲዮ ጨዋታ ዜማ በሌላ መንገድ ነው የመጣው። በ1983 ዓ.ም. የወጣው የኒንቴንዶ የቤት መጫወቻ ከጥቂት ቀጭን የኤሌክትሪክ ድምፆችና ከአንድ የሹክሹክታ ድምፅ በቀር መዝፈን አይችልም ነበር። በ1986 ዓ.ም. «ድራገን ክዌስት» ለተባለው ጨዋታ ዜማ የደረሰው ሱጊያማ ኮይቺ የ55 ዓመት ሰው፣ ቀድሞ የቴሌቪዥን አዘጋጅ፣ የማስታወቂያና የሸክላ ዜማ ደራሲ ነበር። በሁለት ሦስት ቀጭን ድምፅ የኦርኬስትራን ማዕርግ ማሰማት ራሱን የቻለ ጥበብ ነው፤ በአንድ ክር ማሲንቆ ታሪክ የሚያወራ አዝማሪ ያውቀዋል። በ1988 ዓ.ም. መጨረሻ ጨዋታዎች በሲዲ መታተም ሲጀምሩ የሰው ድምፅ የሚገባበት ቦታ ተገኘ። በ1999 ዓ.ም. ለ«ፋይናል ፋንታሲ» ስምንተኛ ክፍል የዜማ ደራሲው ኡዬማትሱ ኖቡዎ የጻፈውን የፍቅር ዘፈን የዘፈነችው ቻይናዊቷ ፌይ ዎንግ ነች፤ የጃፓን ጨዋታ፣ ቻይናዊት ዘፋኝ፣ እንግሊዝኛ ግጥም። በሐምሌ 23 ቀን 2021 ዓ.ም. በቶኪዮ ኦሎምፒክ መክፈቻ ሰልፍ ላይ የየሀገሩ ስፖርተኞች፣ አሁንም የኢትዮጵያ ጭምር፣ በጨዋታ ዜማዎች ታጅበው ገቡ፤ ሰልፉን የከፈተው የሱጊያማ ዜማ ነበር። ይህ ሰው የጃፓን ጦር በቁባትነት ስላስገደዳቸው ሴቶች የቀረበውን ክስ በሚክድ ማስታወቂያ ላይ ስሙን በማስፈሩ ብዙ የተወቀሰ መሆኑን በዚያ ሰልፍ የተጓዘው ወጣት ላያውቅ ይችላል። በ1964ቱ ማርሽ ጀርባ የዘመቻ መዝሙር ነበር፤ በ2021ዱም ጀርባ ያልተዘጋ የጦርነት ሒሳብ ነበር።

በ1995 ዓ.ም. የወጣው የ«ኢቫንጌልዮን» መለያ ዜማ የድሮውን ክርክር በአዲስ መልክ አነሣው። ዘፋኟ ታካሃሺ ዮኮ ቀደም ሲል የታዋቂ ዘፋኞች አጃቢ ነበረች። ዜማው ከዓመት ዓመት በካራኦኬ ቤቶች ከሚመረጡት ቀዳሚዎች አንዱ ሆነ፤ በ2011 ዓ.ም. የደራሲያን መብት ማኅበሩ ከፍተኛ ገቢ ላስገኘ ሥራ የሚሰጠውን የወርቅ ሽልማት አገኘ። ሽልማቱ ለግጥምና ለዜማ ደራሲው እንዲሁም ለአሳታሚው ነው። በካራኦኬ ቤት ሕዝቡ ራሱ ነው የሚዘፍነው፤ ለመጀመሪያዋ ዘፋኝ የሚደርስ ክፍያ የለም። ሕዝቡ የታካሃሺን አዘፋፈን ለመምሰል ይደክማል፤ ድካሙ ግን በሒሳብ መዝገብ ላይ አይገባም።

ዘፋኞቹ ራሳቸው መልስ መስጠት የጀመሩት በ2000 ዓ.ም. ነው። በሚዙኪ ኢቺሮ አነሣሽነት «ጃም ፕሮጀክት» የተባለ የመለያ ዜማ ዘፋኞች ኅብረት ተቋቋመ። ከአባላቱ አንዱ ካጌያማ ሂሮኖቡ በልጅነቱ የታወቀ የሮክ ባንድ ዘፋኝ የነበረ፣ ባንዱ ሲፈርስ በግንባታ ሥራ የቀን ሠራተኛ ሆኖ ራሱን እያስተዳደረ የዘፈነ፣ በ1989 ዓ.ም. በ«ድራገን ቦል ዜድ» ዜማ የተነሣ ሰው ነው። ኅብረቱ ያደረገው ነገር ቀላል ነበር፤ ከሥዕሉ ጀርባ ወጥቶ በመድረክ ላይ በገዛ ፊቱ ቆመ። ሕዝቡም መጣ፤ ልጅ ሆኖ ድምፁን ብቻ ያወቀውን ሰው በዓይኑ ለማየት። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ አጭር ሆኖ ይታያል። ሊሳ በ2020 ዓ.ም. ለ«ኪሜትሱ ኖ ያይባ» ፊልም በዘፈነችው ዜማ የሸክላ ሽልማቱን ተሸለመች። በ2023 ዓ.ም. ዮዋሶቢ የተባሉት ሁለቱ ሙዚቀኞች ለአንድ የሥዕል ፊልም የሠሩት ዘፈን ከአሜሪካ ውጭ ያለውን የዓለም ገበያ በሚለካው የቢልቦርድ ሠንጠረዥ አንደኛ ወጣ፤ ይህ ዘፈን ከታሪኩ ጋር የተሠራ፣ ባለታሪኳን በመድረክ መግቢያ ላይ የሚያስተዋውቅ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል።

ሚዙኪ ኢቺሮ በነሐሴ መጨረሻ 1999 ዓ.ም.፣ በ51 ዓመቱ፣ በፉጂ ተራራ ሥር ባለው የካዋጉቺ ሐይቅ ዳር ቆሞ በ24 ሰዓት ውስጥ አንድ ሺህ ዘፈን ዘፍኗል። ልጆችም የልጅ አባቶችም «አኒኪ» ይሉት ነበር፤ ወንድም ጋሼ እንደማለት ነው። በሐምሌ 2022 ዓ.ም. የሳምባ ካንሰር እንደያዘው ለሕዝብ አስታወቀ፤ መዝፈኑን ግን አላቆመም። በኅዳር 27 ቀን በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ፣ በ12 ዓመቷ ከጀመረችው ከሆሪዬ ሚትሱኮ ጋር በአንድ መድረክ ዘፈነ። በታኅሣሥ 6 ቀን አረፈ።